መጥረጊያ የተሰቀለበት ቤት

ሂልከ ያን ንግግር የሰማችው ገና ልጅ ሳለች ነው። በፍሪስላንድ በአባቷ ቤት፣ ግድግዳው ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን በተሠራው አልጋ፣ ከተዘጋው መጋረጃ ጀርባ ተኝታ። ተኝታስ አልነበረም፤ የተኛች መስላ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አባቷና አንድ እንግዳ ያወራሉ። የእንግዳውን ፊት አላየችም፤ ድምፁ ግን የሹም ድምፅ ነበር፣ ቀስ ያለ፣ ለመቆጣት እንኳ የማይቸኩል። «እጅህን ብታነሣ ምን ይጎድልብሃል? ሁለት ጣት ቀስረህ አንድ ጊዜ ብትምል፣ ልጆችህ በገዛ አገራቸው ያድጋሉ» ይላል። አባቷ የመለሰውን ዕድሜ በልቶባታል። አንዳንዴ «ግንብ በቱንቢ እንጂ በመሐላ አይቆምም» ያለ ይመስላታል። አንዳንዴ ደግሞ ይህን ያለው አባቷ ሳይሆን፣ እሷው ካደገች በኋላ በአፉ ያስቀመጠችለት ይመስላታል። እርግጡ ነገር አንድ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ቤታቸው ባዶ ሆነ፣ እነሱም መርከብ ላይ ነበሩ። ታናሽ ወንድሟ ዱደ በእናቱ ጉያ ተቀምጦ የባሕሩን ወፎች ሊይዝ እጁን ይዘረጋ ነበር። ግራ እጁን፤ ኋላ ድንጋይ የሚጠርብበትን እጅ።

ያ ንግግር ዛሬ ጠዋት ካልጋዋ ስትነሣ ጀምሮ በጆሮዋ ያንቃጭላል። ዛሬ የግንበኛው የአለቃ ዊብራንት ሚስት ናት፤ ፀጉሯ በነጩ ቆብ ሥር መሸበት ጀምሯል። በዳንሲግ ከተማ፣ በሞትላው ወንዝ ዳር ባለው የወደብ ድንጋይ ላይ የእንጨት ጫማዋ እየተንቋቋ በጥድፊያ ትሄዳለች። ፀሐይ ገና ከጎተራዎቹ ጣሪያ አልተላቀቀችም። በእጇ የያዘችው የጭራሮ መጥረጊያ ነው፤ ዱደ ከሥራ በኋላ የጡብ ብናኝ የሚጠርግበት፣ እጀታው በኖራ ነጭ የሆነ።

«ሂልከ፣ ደግሞ ዛሬ ወንዙን ልትጠርጊው ነው?» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ ከበርሜሎቿ መሐል። ወዲያው ግን የሂልከን ፊት አየችና አፏን በእጇ ሸፈነች። በወደቡ ላይ ነገሩን ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ዱደ በኖራ ማቡኪያው ዳስ ውስጥ ተጋድሟል። እቤት እንዳያስገቡት የቤቱ ባለቤት፣ «ክብረ ቢስ ሬሳ ደጄን ካለፈ ተከራይ አላገኝም» ብሎ ከለከለ። ስለዚህ የከተማውን ግማሽ ባማረ ድንጋይ ያለበሰው ሰው በአሸዋ ክምርና በኖራ ጉድጓድ መሐል፣ በሁለት ሳንቃ ላይ ተኛ። ቀትር ላይ የገበያው ደወል ሲደወል ወንጀለኛ የሚሰቅለው የከተማው ሰቃይ በጋሪው መጥቶ ይወስደዋል። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ለዱደ ግን ከአሟሟቱም አቀባበሩ ይብስ ነበር።

የዳንሲግ ግንበኞች ማኅበር ከዜጋ በቀር ማንንም አያስገባም። ዜጋ ለመሆን ደግሞ በምክር ቤቱ ፊት ሁለት ጣት ቀስሮ መማል ያስፈልጋል። የሂልከ ወገኖች አይምሉም። ለሐሰት ቀርቶ ለእውነትም አይምሉም፤ ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን» ያለውን እንደ ተጻፈ የያዙ ሰዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ከስፔን ንጉሥ ወታደሮች ሸሽተው፣ ሙያቸውን ብቻ ይዘው በመርከብ የመጡ ግንበኞች፣ ጡቡን በነጭ ድንጋይ እየፈተሉ፣ የቤቱን ግንባር በደረጃ እያጠበቡ ወደ ሰማይ የሚያወጡ እነዚያ እጆች፣ በሕግ ፊት ሌቦች ሆኑ። ማኅበሩ «የቆጥ ጥንቸል» ይላቸዋል፤ ከጣሪያ ሥር በቆጥ ተደብቀው የሚሠሩ፣ ሲገኙም እንደ ጥንቸል የሚታደኑ ማለት ነው። ማደኑ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የማኅበሩ አባላት ዱላ ይዘው ወጥተው ጥንቸል የማሳደድ መብት አላቸው፤ ምክር ቤቱ ፈቅዶላቸዋል።

ከትናንት በስቲያ ያደኑት ዱደን ነው።

የጌታ ጎትሻልክ አዲስ ቤት ተጠናቆ የቀረው ከቁንጮው ያለችው ድንጋይ ብቻ ነበረች። ጎትሻልክ በወጣትነቱ በአምስተርዳም ከአንድ ትልቅ ነጋዴ ዘንድ ሆኖ ንግድ የተማረ ሰው ነው። አገሩ ገብቶ ከበለጸገ፣ የምክር ቤት አባልም ከሆነ በኋላ፣ ለዊብራንት «በዚያ በቦዩ ዳር ያየሁትን ቤት ሥራልኝ፤ በእኔ ጣሪያ ሥር እስካላችሁ ድረስ ፀጉራችሁን የሚነካ የለም» አለው። ዊብራንትም ሠራለት። ግንባሩን እንደ አገሩ ወግ ወደ መንገዱ ትንሽ ዘንበል አደረገው፤ እህል በመዘውር ወደ ቆጡ ሲሳብ ጆንያው ግንቡን እየታከከ ድንጋዩን እንዳይልጠው ነው። የማኅበሩ አለቃ ባርቴል ሲያልፍ ሁሉ፣ «ያ ሰካራም ግንብ ዛሬም አልወደቀም?» እያለ ይስቅ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሳቁን ትቶ ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ። ዱደ ቆጡ ውስጥ ያችን የቁንጮ ድንጋይ በሽመላ ወፍ መልክ እየጠረበ ነበር። ሲመጡበት በመዘውሩ መስኮት በኩል፣ ወደ ውጭ በወጣው ወፍራም ወራጅ ላይ ተራመደ። ከዚያ በታች የወደቡ ድንጋይ ነው። ባርቴል በኋላ ለዳኞቹ፣ «ጥንቸሉ ራሱ ዘለለ» አላቸው፤ ዳኞቹም ጻፉት።

የከተማው ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ከሬሳ ሣጥን በታች ቢያንስ የአንድ ዜጋ ትከሻ ካልገባ፣ ሟቹ ክብረ ቢስ ነው። ክብረ ቢስን የሚቀብር ሰቃዩ ነው፤ የሞተ ፈረስና ውሻ በሚጭንበት ጋሪ፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ያለ መዝሙር። ማኅበሩም አዋጅ አስነገረ፤ ትከሻውን ለዚያ ሣጥን ያዋሰ የእጅ ባለሙያ ክብሩን አጥቷል፣ ከእሱ ጋር የሚበላም የሚሠራም የለም።

ትናንት ሂልከ ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትጠና ዋለች። ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄደች፤ ከበሩ በላይ ያለውን የስንዴ ነዶ የጠረበለት ዱደ ነው። እሱም «እኔስ እወደው ነበር» ብሎ አለቀሰላት፣ ትኩስ ዳቦም ሊያስይዛት ቃጣ፤ ትከሻውን ግን አልሰጣትም። ገመድ ፈታዩ ከበሩ ኋላ ሆኖ «የለም በሏት» ሲል በጆሮዋ ሰማችው። መድኃኒት ቀማሚው በዱደ አንበሶች መሐል ቆሞ፣ ሕጉ ከባድ እንደ ሆነ፣ እሱ ሕጉን እንዳላወጣው፣ ደግሞም ዝናብ እንደሚመጣ ነገራት። ሂልከ አንዱንም አልሰደበችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ቀና ብላ የእያንዳንዱን ቤት ግንባር አየች። የወንድሟ እጅ የሌለበትን ደጃፍ ብትፈልግ መንገዱ እስኪያልቅ አጣች። ከተማው የሚኮራበትን ጌጥ ከዚያ እጅ ተቀብሎ፣ እጁን ለጥንብ ጋሪ ሰጠው። ይህንን ለእግዚአብሔር ነገረችው፤ ስትነግረው ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

ጸሎቷን ስትጨርስ መጥረጊያው ታወሳት።

ዊብራንትን ከአዲሱ ቤት ሥር፣ የእንጨት መወጣጫው እግር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ቃል ካፉ የሚወጣው በግድ ነው። መጥረጊያውን ሲያይ ግን ወዲያው ገባው፤ እሱም የዚያው አገር ሰው ነውና። በአገራቸው ቤት ተሠርቶ ቁንጮው ሲዘጋ ባለቤቱ ግንበኞቹን ያከብራል፣ እነሱም በቁንጮው ላይ ለምለም ቅጠል ይሰቅላሉ። ባለቤቱ ግንበኛውን ከበደለ ግን በቅጠሉ ፈንታ መጥረጊያ ይሰቀላል። ያንን መጥረጊያ ከሰቀለው ሰው በቀር ማንም አያወርደውም። ባለቤቱ በግድ ካስወረደው በደሉን በገዛ እጁ ፈረመ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጋር ውል የሚገባ የለም።

«አትወጪም» አለ ዊብራንት።

«አንተ ትወጣለህ?»

አይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ፣ «በቀል የእግዚአብሔር ነው፣ ሂልከ» አላት።

«በቀልማ ዱላ ይዞ ይመጣል፤ አይተነዋል። እኔ የያዝኩት መጥረጊያ ነው።»

«ከዚህ ከተማ ያባርሩናል።»

«ከስንቱ ተባረርን? አባቴ አንድ ጊዜ አገሩን ጥሎ የወጣው ልጁ በውሻ ጋሪ እንዲቀበር አይደለም።» ቀሚሷን ሰብስባ በመታጠቂያዋ ወተፈችው። «እዚህ ቁጭ ብለህ የምትጸልይ ከሆነ ጸልይ። መሰላሉን እየያዝክ ብትጸልይ ግን ይሻለኛል።»

ዊብራንት ተነሣና መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘላት።

ከላይ ነፋሱ ቆቧን ሊነጥቃት ታገላት። ወደ ታች አላየችም። ቁንጮው ጋ ስትደርስ የዱደን ሽመላ አየቻት፤ ሌሎቹ ግንበኞች በማግስቱ እያለቀሱ ከቦታዋ ያስቀመጧትን። ክንፏ ተሠርቷል፣ አንገቷም ተቆልምሟል፣ አንድ እግሯ ግን ገና ድንጋይ ውስጥ ነው። ሂልከ በዚያ ባልወጣ እግር ላይ መዳፏን አሳረፈች። መዶሻው የነካው ሻካራ ነው፣ ያልነካው ደግሞ ቀዝቃዛ። ከዚያም ለቅጠሉ አክሊል በተተከለው ብረት ላይ መጥረጊያውን፣ ጭራሮውን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

ወንዙ በመርከብ የተሞላ ነበር። ከክረምቱ በረዶ በፊት አጃ ጭነው ወደ አገራቸው ለመመለስ የሚቻኮሉ የሆላንድና የፍሪስላንድ መርከቦች ከታላቁ የእንጨት መዘውር እስከ ድልድዩ ተሰልፈዋል። መጀመሪያ ያየው አንድ ሸራ ጠጋኝ ነው። ቀና አለና መርፌውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸመው። ዝምታው ከመርከብ ወደ መርከብ ተላለፈ። ጆንያ ተሸክሞ መወጣጫ ሳንቃው ላይ የነበረ ሰው ዞረ፤ ጆንያውን መልሶ የወደቡ ድንጋይ ላይ አወረደው። ሂልከ ስትወርድ የመርከብ አዛዡ ሲብሬን ቆቡን አውልቆ ከመሰላሉ ሥር ይጠብቃት ነበር። ሲብሬን የእነሱ ጉባኤ አባል አይደለም፤ ይምላል፣ ይጠጣል፣ ሲቆጣም ወደቡ ሁሉ ይሰማዋል። የአገር ልጅ ግን ነው።

«እቴ፣ ይሄ ቤት የማን ነው?» አላት።

«የጌታ ጎትሻልክ።»

«ጎተራውስ?»

«እዚያ የምትጭኑበት።»

ሲብሬን ጢሙን ይዞ አሰበ። ከዚያ ወደ መርከበኞቹ ዞሮ ለምሳ እንደሚጠራ ሰው በረጋ ድምፅ፣ መጥረጊያው እስኪወርድ ከጎትሻልክ ጎተራ አንዲት ፍሬ እንዳትጫን አዘዘ። ለሌሎቹ አዛዦች መንገር አላስፈለገውም።

ረፋዱ ላይ ማኅበሩ መጣ። ከበሮ ከፊት፣ ባንዲራ ከኋላ፣ በመሐል አለቃ ባርቴል በጥቁር ካባውና በብር ሰንሰለቱ፣ ከጥድ ቅጠል የተጎነጎነውን አክሊል በሁለት ሰው አስይዞ። ያን ቀን የቤቱን ቁንጮ የሚባርከው እሱ ነበር፤ በከተማው መዝገብ ቤቱን የሠራው ባርቴል ነዋ። አንዲት ጡብ ያላነሣበትን ቤት ሊረከብ፣ በገደለው ሰው ሽመላ ላይ አክሊል ሊያኖር መጣ። ሂልከ ከኖራው ዳስ ደጃፍ ሆና ከበሮውን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

ዳንሲጎች የመጥረጊያውን ነገር አያውቁም። ከማኅበሩ አንዱ ቀና ብሎ ሲያይ ሳቁ አመለጠው፤ «ሆላንዶቹ መጥረጊያቸውን ረስተው ወረዱ» አለ። ሌላው፣ «የለም፣ ደመናውን ሊጠርጉልን ነው፤ ንጹሕ ሕዝብ ናቸው» አለ። ሳቁ በሰልፉ ሁሉ ዞረ። ባርቴልም እየሳቀ አንዱን ወጣት ወጥቶ እንዲያወርደው አዘዘው። ወጣቱ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳሳረፈ ግን ከኋላ፣ «አትንካው!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ጌታ ጎትሻልክ ነበር። ከአሮጌው ቤቱ በሩጫ መምጣቱ ያስታውቃል፤ ጸጉራም ካባውን በአንድ ትከሻው ብቻ ደርቦ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ። መጥረጊያውን አየ፣ መርከቦቹን አየ፣ በወደቡ ድንጋይ ላይ የተቆለለውን ያልተጫነ አጃ አየ። በቦዩ ዳር ያሳለፈው ወጣትነት በአንድ አፍታ ተመለሰበት፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«ጭራሮ እኮ ነው፣ ጌታዬ» አለው ባርቴል።

«ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ» አለ ጎትሻልክ። «ሴትዮዋን ጥሩልኝ፤ ባሏንም።»

ባርቴልም ባለበት፣ በአዲሱ ቤት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተገናኙ። ወለሉ ገና አሸዋ ነው፤ ግድግዳው የእርጥብ ኖራ ሽታ አለው። የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረምና አራቱም ቆሙ። ጎትሻልክ በለሰለሰ አንደበት ጀመረ። ነገሩ ልቡን እንደ ሰበረው፣ ሌሊትም እንቅልፍ እንደ ነሣው ነገራቸው። ከዚያ በኋላ መፍትሔ ያለውን አመጣ፤ ሲጨልም ጀልባ ይሰጣቸዋል፣ ዱደን በወንዙ ወስደው ከከተማው ራቅ ብለው ይቅበሩት፣ ሰቃዩንም እሱ ዝም ያሰኘዋል። በኋላ ጊዜ ደግሞ፣ ሰው ሲረሳው፣ ስሙ ያለበት ድንጋይ ያቆምለታል።

«ድንጋይስ እሱ ነበር የሚሠራው» አለች ሂልከ።

ጎትሻልክ የተንሸራተተ ካባውን ወደ ትከሻው መለሰ።

«ወንድሜ በጨለማ የሚወጣው ምን ሰርቆ ነው፣ ጌታዬ? ለእርስዎ ሲሠራ በቀን ነበር የሚሠራው። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፤ እርስዎም እንግዳ እያመጡ ያሳዩት ነበር።»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«መድኃኒት ቀማሚውም እንዲሁ አለኝ።»

ባርቴል መሐል ገባ። ከማኅበሩ ማንም ትከሻውን ከዚያ ሣጥን በታች እንደማያስገባ፣ በቁንጮው ላይ የተሰቀለውም ዱላ ሆነ መጥረጊያ ይህንን እንደማይለውጠው ተናገረ። «ወንድምሽ መማል ይችል ነበር» አላት። «ሁለት ጣት ነው። እኔ ምዬ ገባሁ፤ አባቴም ምሎ ገባ። እናንተ ከሁላችን የጸደቃችሁ ናችሁ? ከሆነም ጽድቃችሁን ብሉት፤ የእኛን ሥራ ግን አትብሉ።»

ሂልከ ሁለት ጣት የሚለውን ስትሰማ ያ ከመጋረጃው ወዲያ የነበረ ድምፅ በጆሮዋ መጣ። ሰዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ቃሉ አልተለወጠም። ለባርቴል ግን አልመለሰችለትም። የተናገረው ውሸት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የእሱም ማኅበር ልጆች የሚያሳድጉ፣ ሥራ ከእጃቸው ያመለጣቸው ሰዎች ናቸው። ዱላውን ግን ይህ አያጸድቀውም። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በውስጧ ይዛው የቆየችውን ነገር ለጎትሻልክ አወጣችው።

«ጌታዬ፣ የቆጡ በር አልተሰበረም።»

ጎትሻልክ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ዱደ ሲሠራ ከውስጥ ይቆልፋል» አለች። «እርስዎ ራስዎ ነዎት እንዲቆልፍ ያዘዙት። ሁለተኛው ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው። እኔ ወጥቼ አየሁት፤ እንጨቱ አልተላጠም፣ መቀርቀሪያው አልተጣመመም። በቁልፍ ነው የገቡት።»

ዊብራንት ቀስ ብሎ ወደ ጎትሻልክ ዞረ። ይህንን እሷ ለባሏ እንኳ አልነገረችውም ነበር። ዊብራንት ሦስት ክረምት የደከመበትን ግድግዳ በመዳፉ ደገፈ፤ እንዳይወድቅ የያዘው ግድግዳውን ይሁን ራሱን አይታወቅም።

ጎትሻልክ ባርቴልን አየው። ባርቴል የብር ሰንሰለቱን አየ።

«ማስፈራራት ብቻ ነው ብለውኝ ነበር» አለ ጎትሻልክ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወርዷል። «ትንሽ አስፈራርተን እናስወጣው፣ ማኅበሩ ክብሩ ይጠበቅለት፣ ቁንጮውን እኛ እንዝጋውና ሰላም ይሁን አሉኝ። በሚቀጥለው ወር የምክር ቤቱ ምርጫ አለ፤ የማኅበሩ ድምፅ...» ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። «እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«አውቃለሁ» አለች ሂልከ። «ማንም አልፈለገም። እርስዎ ቁልፍ ሰጡ፣ እሳቸው ዱላ ያዙ፣ ዳኞቹ ጻፉ፣ ዳቦ ጋጋሪው አለቀሰ። ማንም ሳይፈልግ ሞተ። አሁን ደግሞ ማንም ሳይፈልግ በውሻ ጋሪ ሊሄድ ነው።»

ከዚያ የምትፈልገውን ነገረችው። ድንጋይም፣ ጀልባም አትፈልግም። ከሣጥኑ በታች አንድ የዜጋ ትከሻ ትፈልጋለች፤ የእሱን። እሷና ወገኖቿ ሌላውን ይሸከማሉ።

ባርቴል ሳቅ ጀምሮ ተወው። ያ ሰው በሰንሰለቱ ስር ሲያሰላ ሂልከ ታየው ነበር። የምክር ቤት አባልን ክብረ ቢስ ነው ብሎ የሚያውጅ ማኅበር በዳንሲግ የለም። እሱ ክብሩን ካላጣ ደግሞ ሟቹ ክብሩን አግኝቷል ማለት ነው፤ አዋጁንም ውሃ በላው።

«ጌታዬ፣ እንዳያደርጉት» አለ ባርቴል፤ አሁን ድምፁ ልመና ነበረው። «ይህን ካደረጉ ነገ ጥንቸሉ ሁሉ ከቆጥ ይወርዳል። ድምፃችንንም አይጠብቁ።»

ጎትሻልክ ወደ መስኮቱ ሄደ። በመስኮቱ በኩል ሲብሬን በአጃው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጥቁር ዳቦ ሲገምጥ ይታያል፤ የትም የሚቸኩል አይመስልም። ከወዲያ ማዶ፣ በድልድዩ ላይ፣ ሰው ግራና ቀኝ እየሸሸ መንገድ ይለቃል። ለትልቅ ሰው እንደሚለቁት አልነበረም፤ ልብሳቸው እንዳይነካው ነበር የሚሸሹት። የሰቃዩ ጋሪ ነበር። ከደወሉ ቀድሞ መጣ።

የመንኮራኩሩ ድምፅ በወደቡ ድንጋይ ላይ እየቀረበ ሲመጣ ሂልከ ዓይኗን ጨፈነች። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ይህንን ሰው አልጠላውም፤ ግን ዛሬ አትልቀቀው።

«መቼ ነው የምትፈልጉት?» አለ ጎትሻልክ ሳይዞር።

«አሁን። ደወሉ ሲደወል፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ።»

«በየት በኩል?»

«በረጅሙ መንገድ፣ በትልቁ በር። እሱ በሠራቸው ቤቶች ፊት።»

ከበሩ ውጭ ጋሪው ሲቆም ተሰማ። ጎትሻልክ ዞረና፣ ሰው በጭንቅ ጊዜ የለመደውን እንደሚያደርግ፣ ቀኝ እጁን አነሣ፤ ሁለት ጣቱን ቀሰረ። «በእግዚአብሔርና በቅዱስ ቃሉ እም...»

«እጅዎን ያውርዱ፣ ጌታዬ» አለች ሂልከ።

እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«በዚህች እጅ ምክንያት ነው እኛ እዚህ የደረስነው። ለእኛ አይማሉልን። ይሸከሙታል ወይስ አይሸከሙትም?»

ጎትሻልክ እጁን፣ የሌላ ሰው እጅ የያዘ ይመስል፣ አየው። አወረደው። ጸጉራም ካባውን ከትከሻው አወለቀና የሚያስቀምጥበት ቦታ ፈለገ፤ ወንበር አልነበረም፣ ወለሉም አሸዋ ነው። በመጨረሻ ለባርቴል ዘረጋለት። ባርቴልም ሳያስበው ተቀብሎ በክንዱ ያዘው።

«የትኛው ጫፍ ነው የእኔ?» አለ ጎትሻልክ።

ዊብራንት ነው የመለሰለት። ከዚያች ዕለት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠርቶ ወጣ፤ ድንጋይ ሲመድብ የሚናገርበት ድምፅ። «ከፊት፣ በግራ። እኔ ከጎንዎ ነኝ። ቁመታችን ይተካከላል፣ አይዘምም።»

«መጥረጊያውስ?»

«ቀብረነው ስንመለስ እኔው ወጥቼ አወርደዋለሁ» አለች ሂልከ። «ይሸከሙታል?»

የገበያው ደወል መደወል ጀመረ።

«አዎን» አለ ጌታ ጎትሻልክ።